የጋሽ ሰይድ መሰላል

ባለፈው ሳምንት ጉልበቴን ይዤ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ወዳለ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። «ይዤ» ያልኩት ለወጉ ነው፤ ከሊፍቱ እስከ ወንበሩ ያደረሰኝ ጉልበቴ ሳይሆን ግድግዳው ነው። ገና ከመቀመጤ ጥፍሯን ሐምራዊ የተቀባች ልጅ ታብሌት ይዛ መጣችና፣ «አባባ፣ ካለፈው ቀጠሮ ጋር ሲያወዳድሩት ጤናዎ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት።

ጣቷ ወዲያው ስክሪኑን ነካ አደረገ። አጮልቄ ሳይ «በጣም ተሻሽሏል» የሚለው ላይ አርፏል። ከሥሩ ያለችው መስመር ሽቅብ ተመዘዘች። ግድግዳ ተደግፌ የመጣሁት ሰውዬ በአንድ ቃል ተፈወስኩ። ልስቅ ስል አፌን የጮማ ጣዕም ሞላው፤ ለብ ያለ፣ ላንቃ ላይ የሚጣበቅ፣ ከወጣትነቴ ጀምሮ ያልለቀቀኝ ጮማ።

እኔም እንደዚች ልጅ ጠያቂ ነበርኩ። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ የእርዳታ ድርጅቶች በየቪላው እንደ እንጉዳይ ሲፈሉ፣ ከነዚያ አንዱ ቀጠረኝ። ጉርድ ሾላ በሚገኝ ክሊኒክ እግራቸው ለቆሰለ የስኳር ሕመምተኞች በነጻ መድኃኒት ይሰጣል፣ ቁስል ያጥባል። የኔ ሥራ ደግሞ የመሰላል ሥዕል ይዞ መዞር ነው። የታችኛው እርከን ከዚህ የባሰ ጤና የለም ማለት ነው፤ የላይኛው ከዚህ የተሻለ የለም። ሕመምተኛው ያለበትን በጣቱ ያሳየኛል፣ እጽፋለሁ። ከወራት በኋላ ያንኑ እጠይቃለሁ። በመካከል ያለው ልዩነት ድርጅቱ ያመጣው ለውጥ ነው ይባላል። እኔም የአጎቴን ኮት ለብሼ፣ እጅጌው ጣቴን ሸፍኖት፣ የሳይንስ ሰው ሆንኩ። ሕመምተኞቹ «ዶክተር» ሲሉኝም አላረምኳቸውም። ማን ያርማል?

ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ነው። ዕድሜውን በሙሉ አሰብ መስመር ተሳቢ ነድቶ፣ ሲደክመው ጎሮ ላይ ከባለቤቱ ከእትዬ ዘሃራ ጋር ትንሽ ሱቅ ከፍቷል። መጀመሪያ ክሊኒኩ ውስጥ ስጠይቀው የእግሩ አውራ ጣት ሥር ያለችው ቁስል ከሳንቲም አትበልጥም ነበር። እሱ ግን ተናዶ ጣቱን የመጨረሻው የታች እርከን ላይ ደቀነው። «ፍሬን መርገጥ ያቃተው ሹፌር ሰው ነው እንዴ?» አለኝ።

ለሁለተኛው ጥያቄ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ጎሮ ያኔ ዛሬ የምታውቁት ጎሮ አይደለም፤ ጤፍ ማሳና ጭቃ ነው። ከጉርድ ሾላ በእግሬ ስደርስ ጫማዬ ሥር ሌላ የጭቃ ጫማ ተሰፍቶልኝ ነበር። እትዬ ዘሃራ ቅርንፉድ ያለበት ሻይ አቀረበችልኝ። ጋሽ ሰይድ ፋሻውን ፈታ። አውራ ጣቱ ተቆርጧል፤ ቀጥሎ ያለው ጠቁሯል። ሽታው ሰው ከተኛበት ክፍል የሚወጣ አይመስልም። ሻዩን አፌ ላይ እንደያዝኩ ቅርንፉዱና መግሉ አፍንጫዬ ውስጥ ተቀላቀሉ። እስከ ዛሬ ቅርንፉድ ያለበት ሻይ ያቅለሸልሸኛል።

መሰላሉን ዘረጋሁለት። ጣቱ ያለምንም ማመንታት ወደ ላይ ወጣ፤ ከጫፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆመ። «አልሐምዱሊላህ» አለ። «ክሊኒክ አጠገቤ የሚታከመው ሰውዬ እኮ ሁለቱንም እግሩን ነው የተቆረጠው።»

እግሩን አየሁ፣ ጣቱን አየሁ፣ ጣቱ ያለውን ጻፍኩ። ደንቡ እንደዚያ ነው።

በኋላ እንደ ገባኝ፣ አብዛኛው ሕመምተኛ ወደ ላይ ወጥቷል። ሲገባ ራሱን ከድሮው ራሱ ጋር ያወዳድራል፤ ከሰነበተ በኋላ ከባሰበት ጋር ያወዳድራል። መሰላሉ ያው ነው፣ የቆመበት መሬት ግን ሰምጧል። አስተባባሪያችን አቶ ግርማቸው ይህን ሊሰማ አልፈለገም። ትልቅ ወረቀት ላይ የሚወጣ መስመር አሰመረና፣ ከመካከለኛው እርከን ያለፈ ሁሉ ተሽሎታልና ካርዱ ተዘግቶ ለሌላ ይለቀቅ አለ። የጋሽ ሰይድ ካርድ ተዘጋ። ያለ ካርድ መድኃኒትም የለም፣ ቁስል ማጠብም የለም። እግሩ እየበሰበሰ ነው ብዬ ለመንኩት።

«የምንለካው እግር አይደለም» አለኝ። «ሰውዬው ስለ ራሱ ያለውን ነው። ደግመህ ጠይቀው፤ ዝቅ ካለልህ ካርዱ ይከፈታል።»

በማግስቱ ጎሮ ተመለስኩ። ካርዱ መዘጋቱን ነግሬ፣ «ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ወደ ታች ይበሉልኝ» አልኩት። እጁን ከእሳት እንደሚያወጣ ሰው ከወረቀቱ ላይ አነሳ። አንዴ ያመሰገነውን መልሶ ሊያማርር? እግሩ ይቅርበት እንጂ ይህን አያደርገውም።

ባንኮኒው ጋ ለሰው ሽንኩርት ትመዝን የነበረችው እትዬ ዘሃራ ሚዛኑን አስቀመጠች።

«አንተ ልጅ» አለችኝ፤ ዶክተርነቴ እዚያ ላይ አበቃ። «ሰይድ ሲያመሰግን የሚነግረው ለአላህ ነው። ለናንተ ያለ መስሏችሁ ነው የጻፋችሁት?»

የአጎቴ ኮት ከበደኝ። መሰላሉን ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁና፣ «እሺ ጋሼ፣ ዛሬን ይተዉት» አልኩ። «መጀመሪያ የተገናኘን ቀን የነበሩበትን፣ አሁን ሆነው ሲያስቡት የት ነበር?»

ጣቱ ከታች ጀመረ። እርከኖቹን አንድ በአንድ አለፈ፣ ጫፉን አለፈ፣ ከወረቀቱ ወጥቶ ባንኮኒው ላይ ቆመ።

«ያኔማ» አለ። «ያኔማ በሁለት እግሬ ቆሜ ነበር የማማርረው።»

እትዬ ዘሃራ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች።

ይህን ይዤ ቦሌ ወዳለው ቢሯችን በረርኩ። አቶ ግርማቸው ከእንግዶች ጋር አጠገቡ ያለ ሥጋ ቤት ነበር፤ ያ የሚወጣ መስመር ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፣ ከጎኑ ጮማው ቢጫ ሆኖ ያብረቀርቃል። ቆሜ አስረዳሁት፤ ሰውዬው አልወጣም፣ ወርዷል፣ የጠየቅነው ጥያቄ ነው ያታለለን አልኩ። እግሩን፣ ሽታውን ነገርኩት። አቶ ግርማቸው እያኘከ ሰማኝና ሳቀ።

«ትዝታ መረጃ አይሆንም፣ የኔ ወንድም» አለና በአዋዜ የተለወሰ ጥሬ ጮማ አፌ ላይ ደቀነ። የአለቃ ጉርሻ በእንግዶች ፊት እንዴት እምቢ ይባላል? ጎረስኩ። ለብ ያለ፣ ለስላሳ ነው። ጥርሴን ስገጥም የጋሽ ሰይድን የጠቆረ ጣት ያኘክሁ መሰለኝ።

ከዚያ የሆነውን በጨዋ ቋንቋ ለማለት፣ የአጎቴ ኮት፣ የአቶ ግርማቸው ሱሪና ያ የሚወጣ መስመር አንድ ላይ ታጠቡ። በሕይወቴ ለአለቃ ያቀረብኩት ተቃውሞ ያ ብቻ ነው፤ እሱንም ያቀረበው ሆዴ ነው። ሥራዬ በዚያው አበቃ። ጋሽ ሰይድን የአሰብ ጓደኞቹ አዋጥተው ሌላ ሆስፒታል አስገቡት፤ ሲደርስ እግሩ ከጉልበቱ በታች የሚተርፍ አልነበረም። በድርጅቱ ወረቀት ላይ ግን ተሽሎት ቀርቷል። ልጠይቀው ስሄድ «አልሐምዱሊላህ» አለኝ። እጄ ላይ ወረቀት አልነበረምና «አሜን» አልኩት። የሰውን ምስጋና ቀርጥፎ ቁጥር የሚያደርግ ነገር ከዚያ ወዲህ ባየሁ ቁጥር ያ ጮማ ወደ አፌ ይመለሳል።

ባለ ሐምራዊ ጥፍሯ ልጅ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ልታልፍ ስትል እጄን ታብሌቱ ላይ አደረግሁ።

«ልጄ፣ ያ ለአንቺ አልነበረም።»

«ምኑ፣ አባባ?»

«ምስጋናው። ለአንቺ የሚሆነውን ልንገርሽ፤ ባለፈው ጊዜ ከታክሲ የወረድኩት ከረዳቱ ጋር እየተሳደብኩ በራሴ እግር ነው። ዛሬ እሱ ራሱ አቅፎ አወረደኝ።»

ሳቀች። ቀና ብላ ጉልበቴን አየች፤ ከመጣሁ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሳ «ብሶበታል» የሚለውን ነካች። መስመሯ ቁልቁል ወረደች።

እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፤ በልቤ፣ እንዳትሰማኝ።