ብርቄን ያቀጠነች እጅ

ኢየሩስ ክፉ ሰው አይደለችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የማወራውን የሰማ ሁሉ "ምን ዓይነቷ ናት!" ማለቱ ስለማይቀር ነው። ቡራዩ ኬላ አጠገብ በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ አብረን መሥራት ከጀመርን ስድስት ዓመታችን ነው፤ በግራ በኩል እኔ ፎቶኮፒና የፓስፖርት ፎቶ፣ በቀኝ በኩል እሷ ስቲከር። ባለቤቴ የታመመች ጊዜ ሥራዋን ዘግታ ሦስት ቀን ሆስፒታል ያስታመመችልኝ እሷ ናት። ቅናት ግን አለባት። እኔም ከመንገዱ ማዶ በተከፈተው ባለቀለም ፎቶኮፒ ቤት የተነሳ እህል አልወርድ ብሎኝ ያውቃልና ልፈርድባት አልችልም። "እኔ አልቀናም" የሚል ሰው ካለ ገና የሚያስቀናው ጎረቤት አልገጠመውም ማለት ነው።

እናቷ ደመቀች ከሆሳዕና አካባቢ መጥታ፣ እዚሁ ቡራዩ ሕንፃ በተጀመረ ቁጥር ጠጠርና ሲሚንቶ እየተሸከመች ነው ሦስት ልጆች ያሳደገችው። ኢየሩስም መሳል የጀመረችው እናቷ ይዛላት በምትመጣው የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ላሊሴ የምትባል፣ አክስቷ ዘንድ ሆና የምትማር የሱሉልታ ልጅ አጠገቧ ተቀመጠች። እሷም ትስላለች። ሁለቱ ደብተራቸውን ከኋላ እየጀመሩ፣ በሣጥን በሣጥን የተከፋፈለ ታሪክ ሲስሉ ሁለት ዓመት አስተማሪ ሳያዳምጡ አለፉ። አሥረኛ ክፍል ላይ ለወላጆች ቀን አንድ ሥዕል ብቻ ይሰቀል ተባለ። የተሰቀለው የላሊሴ ነው።

የኢየሩስ ይበልጥ ነበር። ይህን የምለው ለጎረቤቴ አድልቼ አይደለም፤ የሁለቱንም ሥዕል ፎቶ እስከ ዛሬ በስልኳ ይዛ ትዞራለች፣ አሳይታኛለች። የላሊሴ ፈረስ ውሻ ይመስላል። "የላሊሴ ታሪክ አለው" ብለው ነው አሉ የመረጡት። ኢየሩስ አሁን ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የምትፈልገው አንድ ነገር ቢኖር አንድ ሰው፣ በተለይም ላሊሴ ራሷ፣ "እጅሽ ከኔ ይበልጣል" እንድትላት ነው።

ላሊሴ ወደ ሱሉልታ ተመልሳ ውኃ ፋብሪካ ተቀጠረች፤ መሳሉን ግን አልተወችም። በየሳምንቱ ሐሙስ፣ ልጆቹ ኮሚክ የሚሉትን የሥዕል ታሪክ በቴሌግራም ቻናሏ ትለቃለች። ጀግናዋ ብርቄ ትባላለች። ብርቄ መናኸሪያ ውስጥ ጫኝና አውራጅ ናት፤ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ታስራለች፣ ሸራ ጫማዋ ጣቷ ላይ ተቀዷል፣ ጀርባዋ የበር ያህል ሰፊ ነው። ተአምሯ አንድ ብቻ ነው፤ እሷ ጀርባ ላይ ያረፈ ነገር ሁሉ ክብደቱ ይጠፋል። ኩንታል ጤፍም ይሁን የተገለበጠ አይሱዙ ብድግ ታደርገዋለች። ብዙ አታወራም። ሲያመሰግኗት ጀርባዋን አዙራ ትሄዳለች።

ሴቶቹ ወደዷት። የጫንጮ ነጋዴዎች፣ የሰበታ ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች በየሥዕሉ ሥር ይጽፉላታል። አንዷ "የኔን ክንድ የሚያክል ክንድ ያላት ጀግና ዛሬ ገና አየሁ" ብላ ጽፋ ነበር። እኔ አንብቤ ሆዴ ባባ። ኢየሩስ አንብባ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

ሐሙስ ሐሙስ ቻናሉን ከማንም ቀድማ የምትከፍተው እሷ ናት። "ይዩልኝ እስቲ ጋሽ ዓባይነህ፣ ይሄ ክንድ ነው ወይስ የውኃ ቱቦ? መስመሩ ይንቀጠቀጣል እኮ! ለዚህ ነው ሃያ ሁለት ሺህ ሰው የተሰበሰበው?" ትለኛለች። "ታዲያ አንቺስ ለምን አትስዪም?" ስላት "እኔ ሥራ አለብኝ" ትላለች። እውነቱን ለመናገር ሞክራ ነበር። ቆንጆ ቆንጆ ሥዕል ለቅቃ አርባ ሰው አየላት፤ ከአርባው አንዱ እኔ ነኝ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል እንዲሉ፣ የሠፈራችን ሰው ኢየሩስን የሚያውቃት የታክሲ ታሪፍና "እጅ በኪስ" የሚል ስቲከር በመለጠፍ ነው።

ባለፈው በጋ ሙሄዲን የሚባል የአሸዋ ሜዳ መስመር የባጃጅ ሹፌር መጣ።

"እህቴ፣ ያቺን ተሸካሚዋን ብርቄን ለባጃጄ ጀርባ ትሠሪልኛለሽ?" አላት።

"ብርቄን?" አለች፤ ፊቷ ጠቆረ።

"አዎ፣ ታናሽ እህቴ ስታነባት አይቼ ነው። ግን እንዳለች አይደለም። ትንሽ አስተካክያት። ወገቧን ሰብሰብ፣ እዚህ ጋ ደግሞ ሞላ... ገባሽ አይደል? ከኋላዬ የሚነዳ ሰው ደስ ይበለው እንጂ፣ ጫኝና አውራጅ ማየት ከፈለገማ መናኸሪያ አለለት።"

ትቆጣዋለች ብዬ ስጠብቅ ሳቀች። ኮምፒውተሯ ላይ ተደፋች። ግማሽ ሰዓት አልፈጀባትም። ሻሹን አወለቀችና ፀጉሩን ለነፋስ ለቀቀችው። ትከሻዋን አጠበበች፣ ወገቧን በሁለት እጅ የሚጨበጥ አደረገች፣ ጠይሟን ብርቄ አቀላቻት፣ የሸሚዟን ሦስት ቁልፍ ፈታች። ሸክሙን ከጀርባዋ አውርዳ አይሱዙ አስደገፈቻት። ስትስል ከንፈሯን ነክሳ ነበር፤ ሰው ቂሙን ሲወጣ እንዲህ ነው።

"ወላሂ፣ ብርቄ ማለት ይቺ ናት!" አለ ሙሄዲን።

እኔም ሽማግሌው፣ አልዋሽም፣ ሁለት ጊዜ ዞር ብዬ አይቻታለሁ። ከዚያ ግን "አንቺ ልጅ፣ በዚህ ወገብ ኩንታል ብታነሳ ለሁለት አትቆረጥም?" አልኳት።

"መሸከሙ ቀርቷል ጋሽ ዓባይነህ። አሁን ቆንጆ ናት" አለችኝ።

በሳምንቱ ሹፌሮቹ ተሰለፉ። አንዱ ከንፈሯን ቀላ አድርጊልኝ ይላል፣ አንዱ ሱሪዋን አሳጥሪው ይላል፣ አንዱ መነጽር ያድርግላት ይላል። ሁለት ወር ሳይሞላ የኢየሩስ ብርቄ ቡራዩን አልፋ ሰበታ ገባች፤ ለገጣፎ ድረስ አየናት የሚሉም መጡ። ወጣቶቹ ደግሞ የላሊሴ ቻናል ላይ ወጥተው "ያንቺ ብርቄ ለምን አስቀያሚ ሆነች? እንደ ባጃጇ አድርገሽ ሳዪያት እንጂ!" ይሉ ጀመር። አንዱ ብርቄ ያላገባችው የመናኸሪያውን ኃላፊ በስውር ስለምትወደው ነው ብሎ ረጅም ትንታኔ ጻፈ። ሌላው አይደለም፣ ወንድ አታሏት ነው ዝምተኛ የሆነችው አለ። የሰበታዎቹ ሴቶች ተነሱባቸው፤ "ደክሟት ነው! ስትሸከም ውላ ደክሟት ነው የማታወራው፤ እናንተ ሥራ የት ታውቁና!"

ኢየሩስ ይህን ሁሉ ጮክ ብላ ታነብልኛለች። ስድቡ ላይ ስትደርስ ድምጿ ይጣፍጣል። ደስታዋ ግን አልቆየላትም። ስቲከሩ ላይ ስሟ የለም፤ ላሊሴ ታየዋለች ብላ ፈርታ አልጻፈችም። ወንዲ የሚባለው የአሸዋ ሜዳ ስቲከር ሠሪ ደግሞ ከባጃጅ ላይ ፎቶ አንስቶ እያባዛ፣ ለጠየቀው ሁሉ "የኔ ሥራ ናት" ማለት ጀመረ። ኢየሩስ ሰምታ ተንጨረጨረች። ሌባ፣ ቀማኛ፣ ያልሠራውን የሚበላ ስትል ዋለች።

"ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል" አልኳት። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

ከዚያ ላሊሴ ዝም አለች። አንድ ሐሙስ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ ሦስተኛውም። በአራተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ራሷ ኮንቴይነራችን በር ላይ ቆመች፤ አክስቷን ልትጠይቅ ስትመጣ ብቅ ትል ስለነበር እኔንም ታውቀኛለች።

"አካም ጅርቱ ኦቦ ዓባይነህ?"

"ፈያ፣ ግቢ ልጄ" አልኳት።

ከኢየሩስ ጋር ተሳሳሙ። ከቦርሳዋ ስቲከሩን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ኢየሩዬ፣ ሙያው ያንቺ ስለሆነ ታውቂያለሽ ብዬ ነው የመጣሁት። ይህን የሳለው ማነው?"

ኢየሩስ ከተቆረጠ ስቲከር ላይ ትርፉን የምትለቅምበትን መርፌ እንደያዘች ቀረች። "ምን ልታደርጊው ነው? ልትከሺው?"

"መጀመሪያማ ላንቀው ነበር። መራቆቷ ብቻ አይደለም፤ ሸክሟን ነው የቀሟት። ብርቄ ካልተሸከመች ማን ናት? ከዚያ ቁጭ ብዬ መስመሩን በስስ ወረቀት ተከተልኩት። ሦስት ቀን ሙሉ። ጣቶቿን እስቲ እያቸው፤ አምስቱንም እጁን ሳያነሳ ነው የሳላቸው። እኔ ጣት መሳል ስለማይሆንልኝ እኮ ነው የብርቄን እጅ ሁልጊዜ ከማዳበሪያው ሥር የምደብቀው። ይህ ሰው ከኔ ይበልጣል። መሳል ያቆምኩት ስድቡ አሞኝ አይደለም፤ ይህን አይቼ ነው።"

አሥራ ሁለት ዓመት የተጠበቀው ቃል ይኸው መጣ። የኢየሩስን ፊት አየሁት። ርቦት በምግብ ቤት መስታወት የሚያይ ሰው ፊት ነበር።

"ወንዲ ነው አሉኝ፣ የአሸዋ ሜዳው" አለች ላሊሴ ቀጥላ። "ወንድ መሆኑማ ያስታውቃል። አሁን ወደ እሱ ነው የምሄደው። ታሪኩን እኔ ልጻፍ፣ ብርቄን እሱ ይሳላት ልለው ነው። ሸክሟን ይመልስላት እንጂ፣ እጁስ እጅ ነው።"

ከማሽኔ ኋላ ሆኜ ለኢየሩስ ራሴን ነቀነቅሁላት፤ ዝም በይ ማለቴ ነው። ዝም ብትል ኖሮ ወንዲ አንድ ጣት እንኳ መሳል አቅቶት ነገሩ በራሱ ይበርድ ነበር። እሷ ግን የኔን ራስ አላየችም። የምትፈልገው ወንበር ለሌላ ሰው ሲሰጥ ነው የታያት።

"ወንዲ?" አለች። "ወንዲ! በማስመሪያ እንኳ ቀጥ ያለ መስመር የማይወጣለት ወንዲ? እኔ ነኝ የሳልኳት! እኔ!"

ማርከር አንስታ በካርቶን ላይ እጅ ሳለች፤ አምስቱንም ጣት፣ ሳታነሳ፣ ላሊሴ ዓይን ሥር። ሰጠቻት።

ላሊሴ ካርቶኑን ከስቲከሩ ጎን አድርጋ አስተያየችው።

"አንቺ ነሽ ለካ።"

"አዎ። ይበልጣል አላልሽም?"

"ብያለሁ። ትበልጪኛለሽ" አለች ላሊሴ። ካርቶኑን ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው። "ወንድ ነው ብዬ ይቅር ብዬው ነበር። ተሸክሞ አያውቅም፣ ተሸካሚ አላሳደገችውም፣ ሳስረዳው ይገባዋል ብዬ። አንቺን ምን ብዬ ላስረዳሽ? አንቺ የማን ልጅ ነሽ?"

የኢየሩስ እናት ደመቀች በዚያች ሰዓት ወገቧን ይዛ ቤት ተኝታ ነበር።

"ሸክሟን እመልስላታለሁ" አለች ኢየሩስ። "አብረን እንሥራ። እኔ ልሳላት።"

"ለማያውቃት ሰው ልሰጣት መጥቼ ነበር። ለሚጠላት ግን አልሰጥም።"

"እሷን አይደለም የጠላሁት!"

"ታዲያ ማንን?"

ቅድም ዝም ማለት የነበረባት ልጅ አሁን ዝም አለች። ላሊሴ ስቲከሩን ትታ ወጣች። "ነጋቲ ኦቦ ዓባይነህ" አለችኝ። እሷን አልተሰናበተቻትም።

ኢየሩስ ያን ቀን ሥዕሉን ከኮምፒውተሯ አጠፋችው። ሙሄዲን አዲስ አምጪ ሲላት "አልሠራም" አለችው፤ እሱም ምን ቸገረው፣ ወንዲ ዘንድ ሄደ። ባጃጆቹ ዛሬም እንደተለጠፉ ናቸው። ለእናቷ ነገሩን አልነገረቻትም፤ እኔም አልነገርኳትም።

ከወር በኋላ ላሊሴ ቻናሏ ላይ እንደገና መልቀቅ ጀመረች። ተከታዩ ግማሽ ሆኗል። ብርቄ ሻሿን እንዳሰረች፣ ጀርባዋ የበር ያህል እንደሰፋ፣ መስመሯ እንደተንቀጠቀጠ ተመለሰች። ኢየሩስ እንደ ልማዷ ቀድማ ከፈተችው፤ ስልኩን ግን ወደ እኔ አላዞረችልኝም። ተነስቼ በትከሻዋ በኩል አየሁ። ብርቄ ማዳበሪያ ተሸክማለች፤ እጇም ከማዳበሪያው ሥር ወጥቷል። አምስት ጣት፣ በአንድ መስመር የተሳለ፣ የሚያምር፣ መገጣጠሚያው በሥራ ያበጠ። ከሥሩ ሰዎች "ላሊሴ፣ እጅ መሳል ከየት ተማርሽ?" እያሉ ጽፈዋል። ላሊሴ መልስ አልሰጠችም።

ኢየሩስ "እኔ ነኝ" ብላ ጻፈች፤ አጠፋችው። እንደገና ጻፈች፤ እንደገና አጠፋችው።

"ጋሽ ዓባይነህ፣ እነዚህ ጣቶች የኔ ናቸው" አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"አውቃለሁ ልጄ።"

"ለሰው ይንገሩልኝ።"

ይኸው ነገርኩላት። ጣቶቹ የእሷ ናቸው። ወገቡም የእሷ ነው።