ሰዓዳና ሰባተኛው ሰው

በ1970 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ የካ ሲደርስ፣ እኔ፣ ዱቤ፣ የአንድ የጤና ምርምር ቢሮ ሾፌር ነበርኩ፤ ሰዓዳ ደግሞ መረጃ ሰብሳቢ። ቤት ለቤት እየዞረች ስንት ሰው እንዳለ፣ ዕድሜያቸውን፣ ማንን እንዳተኮሰው ትመዘግባለች። እንደሷ ያለ ግትር አላየሁም። «ያላየሁትን አልጽፍም፤ ያየሁትን አልተውም» ትላለች። ለአንዲት ቁጥር ሦስት ጊዜ ታመላልሰኛለች።

ዘመኑ ቀይ ሽብር ነው። መኪና ደጃፍ ላይ ከቆመ ወጣቱ በጓሮ አጥር ይዘላል፣ የቀረው በሩን ይቀረቅራል። ሰዓዳ ነገሩ ቶሎ ገባት። «መኪናህን ዋናው መንገድ ላይ ተዋት» አለችኝ። ነጩን ጋውን አውልቃ ሻርፕ ጣል አደረገች። እኔን፣ መንጃ ፈቃድ ያለኝን ሰው፣ የክኒን ቦርሳ አሸክማ ዳገት ታስወጣኝ ጀመር። አኮረፍኩ። ግን ምን ይደረግ፣ በሮቹ ተከፈቱ።

አንድ ጠዋት ከባሕር ዛፉ ሥር ወዳለው የእትዬ ለተጊዮርጊስ ቤት ገባን። «ስድስት ነን፤ ሁላችንም ደህና ነን» አሉ። ስድስቱም ፊታችን ተቀምጠዋል። ከመጋረጃው ጀርባ ግን ደረቅ ሳል ተሰማ።

«ድመቷ ናት» አሉ እትዬ።

እንደዚያ የምትስል ድመት ሰምቼ አላውቅም። ልጃቸውን ሠረቀብርሃንን ቀበሌው እያሰሰው እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ከተያዘ አይመለስም። ሰዓዳ ቅጿን ሞላች፣ የትኩሳት ክኒን መደቡ ላይ አስቀመጠች፣ ወጣን።

ቁልቁል ስንወርድ ወርቅአየሁ የሚባል አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን እንዳነገተ አስቆመን። ከዚያ በፊት ወረቀታችንን የጠየቀ አልነበረም። ከራሱ መዝገብ ጋር አስተያየው።

«እዚህ ቤት የተመዘገበው ስድስት ሰው ነው። አንቺ ሰባት ብለሻል። ሰባተኛው ማነው?»

ያ ግትር እጇ የሰማችውን መተው አቅቶት ጽፎት ኖሯል! የሰዓዳ ፊት ዐመድ መሰለ።

«ማንም» አለች። «ቤቱ አልገባሁም። ዳገቱ ደክሞኝ፣ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ በግምት ነው የሞላሁት።»

«የሌሎቹንስ?»

«የሌሎቹንም።»

ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው?»

«ጓድ፣ ሰነፍ ናት» አልኩ። «እኔን ቦርሳ አሸክማ እሷ ጥላ ሥር ታንጎላጃለች።»

«እንግዲያው ኑ፣ ቤቱን እንጠይቅ።»

ያንን ዳገት እንደዚያን ቀን ጠልቼው አላውቅም። ሰዓዳ ያለችውን እትዬ አልሰሙም፤ እኛም መንገሪያ መላ የለንም። «አዎ፣ ገብታለች» ካሉ ሰባት የተባለው እውነት ይሆናል፣ ልጃቸው አለቀለት፤ እኛም አብረን። ወጥተው በሩን በሰውነታቸው ሸፍነው ቆሙ።

«እማማ፣ ይህቺ ሴት ዛሬ ቤትዎ ገብታ ነበር?»

እትዬ ጠመንጃውን አዩ። ከዚያ የሰዓዳን ፊት አዩ፣ ረጅም ጊዜ። ሰዓዳ ዓይኗን አልሰበረችም።

«ይህቺን ሴት አይቻት አላውቅም» አሉ።

ወርቅአየሁ ሳቀ። ወረቀቱን ግን ከክስ ደብዳቤ ጋር ለቢሮአችን ላከው። የሰዓዳ ስምንት መቶ ቅጽ፣ አንድ በአንድ በእግሯ የሰበሰበችው፣ ሐሰት ተብሎ ተጣለ፤ እሷም ተባረረች። አለቃችን አቶ አካሉ ጠርተው ሲጠይቁኝ እውነቱን ብናገር ሥራዋን ባተረፍኩላት ነበር። ግን የቀበሌው ጆሮ ቢሮአችንም ውስጥ ነበር። «አልገባችም» ብዬ ፈረምኩ። ሠረቀብርሃን ድኖ በእንጦጦ በኩል ወጣ ሲባል የሰማሁት ከሳምንታት በኋላ ነው።

በወሩ አዲስ መመሪያ መጣ። መኪና ዋናው መንገድ ላይ ይቆማል፤ ጋውን አይለበስም፤ ቅጹ ላይ ስም፣ ዕድሜና የቤት ቁጥር አይጻፍም። አቶ አካሉ ስብሰባ ላይ አነበቡልንና «እንግዲህ እንደዚያች ሰነፍ ዛፍ ሥር እንዳትተኙ!» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔም እንዳይነቃብኝ አብሬ ሳቅሁ።