ጨርቁ የበላው ድምፅ

በእኛ ገበያ ዕቃህን የሚያሞግስ ሰው አይገዛህም። «ሸጋ ነው፣ እጅግ ሸጋ ነው» ያለህ ደንበኛ ጨርቁን አጣጥፎ መልሶልህ ይሄዳል። የሚገዛህ «ክሩ ሳስቷል፣ ቀለሙ ይለቃል፣ በዚህማ ጭነት እንኳ አልሸፍንም» እያለ ስምህን የሚያጠፋው ነው። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ስሸጥ ነው ያደግሁት፤ ትምህርቴም ይኸው ነው።

መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጨርቅ ላመጣ መርካቶ ወርጄ፣ ከጣቃዎቹ ጋር አንድ ያገለገለ ሳክስፎን ይዤ ተመለስኩ። ልጅ ሆኜ አዘዞ የወታደር ሰልፍ ላይ ሰምቼው ከልቤ አልወጣ ብሎኝ ነበር። ባለቤቴ ሳጥኑን ከፍታ ጥቂት አየችውና፣

«ይሄስ በሜትር ነው የሚሸጠው?» አለችኝ።

መምህሬ ከሱቄ ፊት ለፊት ሰዓት የሚጠግን ሰው ነበር። ድሮ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ሳክስፎን ሲነፋ ኖሮ፣ ሠራዊቱ ሲበተን ማዕረጉ ብቻ ስለቀረለት ሁላችንም ሃምሳ አለቃ እንለዋለን። መጀመሪያ ቀን ስነፋ ሰምቶኝ መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«ምን እየሸጥክ ነው?»

«እየነፋሁ ነው እንጂ፣ ሃምሳ አለቃ።»

«የለም፣ ሰልባጅ ለመሸጥ እየተጣራህ ነው። ጉሮሮህ ገበያ ለምዷል። ትንፋሹን ከሆድህ አምጣው። ሸምበቆዋን ደግሞ አትንከሳት፤ ከንፈርህን ደገፍ አድርግላት እንጂ ምን በደለችህ?»

ሸምበቆ የሚላት በሳክስፎኑ አፍ ላይ የምትታሰረውን ቀጭን ስንጥር ነው፤ ድምፁ የሚወለደው ከእሷ ነው። ከዚያ አንድ ጣቃ ብድግ አድርጎ ባንኮኒው ላይ አኖረና፣ «ይሄን ስትዘረጋ እንዴት ነው የምትስበው?» አለኝ።

«ሳልነጥቅ፣ እኩል እኩል።»

«በቃ፣ እንደዚያ ንፋ።»

ዜማ ከለከለኝ። አንድ ድምፅ ብቻ፣ ሳይወፍር ሳይቀጥን፣ ትንፋሼ እስኪያልቅ። ጥሩውን ዕቃ ከባንኮኒ ሥር የደበቀብኝ መስሎኝ ትንሽ ታዝቤዋለሁ። ቢሆንም ሱቄን ከዘጋሁ በኋላ በጣቃዎቹ መሃል ቆሜ እነፋለሁ። ድምፁ ሲወፍር፣ ሲለሰልስ፣ እንደ ከፋይ ጨርቅ ሲዳሰስ ይታወቀኛል። በድብቅ አንድ ሁለት የሠርግ ዜማም ለመድኩ። የእህቴ ልጅ ተድራ ልትወጣ ወራት ሲቀሯት፣ ሱቁ ውስጥ ስነፋ ሰማችኝና፣ «አጎቴ፣ ከቤት ስወጣ ሌላ ሰው እንዳይነፋልኝ!» አለች። ቃል ሰጠኋት።

ያኔ ኩራቱ ገፋፋኝ። በበዓል ዋዜማ፣ ገበያው ጢም ባለበት ሰዓት፣ ወንበሬን ደጃፍ አውጥቼ ነፋሁ። የወጣው ድምፅ የእኔ አልነበረም። ቆርቆሮ በድንጋይ የሚፍቁ ይመስላል። ጤፍ የጫነች አህያ ባለቤቷን ጥላ እብስ አለች። ጎረቤቴ ብርድ ልብስ የሚሸጥ የትክል ድንጋይ አገር ሰው ነው፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አያ እለዋለሁ። ከሱቁ ወጥቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

«ሸጋ ነው» አለ። «እጅግ ሸጋ ነው።»

ገብቶም በሩን ዘጋ። በገበያ ቀን!

ወሬው ቤተ ዘመድ ጋ ለመድረስ አልዘገየም። የእህቴ ልጅ በማግስቱ መጣች፤ «አጎቴ፣ ኦርጋን የሚጫወት አግኝተናል፤ አንተ እንግዳ ብትቀበል ይሻላል፤ አትድከም» አለችኝ። «አትድከም» የምትለዋ ቃል እንዲያ የምትከብድ አይመስለኝም ነበር።

ሃምሳ አለቃ ሱቄ ገብቶ አንዴ ንፋ አለኝ። ነፋሁ። ሳቀና መደርደሪያዎቹን በመዳፉ መታ መታ አደረጋቸው።

«የሚያታልሉህ እነዚህ ናቸው። የድምፅህን ሻካራውን ጨርቁ ይበላልሃል፤ ለጆሮህ ለስላሳው ብቻ ይተርፋል። ገደል ሂድ። ገደል የሰጠኸውን ነው የሚመልስልህ።»

ጎህ ሲቀድ ወደ አንገረብ ሸለቆ እየወረድኩ፣ ከገበያ ሰዓት በፊት፣ ገደሉን ፊት ለፊት ይዤ ያችኑ አንዷን ድምፅ መንፋት ጀመርኩ። ገደሉ የመለሰልኝን መስማት ቅጣት ነበር። እንጨት በአህያ ጭኖ ወደ ከተማ የሚወጣ ገበሬ ቆሞ አዘነልኝ።

«ምነው ጌታዬ፣ ምን ጠፋብህ?»

በቅሎ ጠፍቶብኝ የምጣራ መስሎት ነው። እኔም «ድምፄ» አልኩት፤ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ሆዴን እያሠራሁ፣ ጥርሴን ከሸምበቆዋ እያራቅሁ፣ ትንፋሼን እንደ ጣቃ እየዘረጋሁ ሰነበትኩ። ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲገባ፣ ከገደሉ የተመለሰው ክብ ሆኖ መጣ። ያ ገበሬ ዳግም ሲያልፍ አህያውን አቁሞ አዳመጠኝ።

«ዛሬስ የተገኘ መሰለኝ» አለ።

ያን ቀን ወደ እህቴ ልጅ ሄድኩ። «ድግሱ ሁሉ የኦርጋኑ ይሁን። ከደጅ እስከ ማኪናው ያለችውን ብቻ ተይልኝ።»

«እሺ። ግን ካሳፈርከኝ ማኪናው ውስጥ ገብቼ መስታወቱን እዘጋለሁ፤ ኋላ እንዳትቀየመኝ!»

የሠርጉ ዕለት፣ ሙሽሮቹ ከዳሱ ብቅ ሲሉ፣ ያችን አንዷን ድምፅ ብቻ ይዤ ጀመርኩ። ሳልነጥቅ ዘረጋኋት። ከዚያ ወደ ዜማው ስገባ እልልታው ደጁን ሞላው፤ የእኔ ድምፅ ግን አልተዋጠም፣ ከላዩ ሄደ። የእህቴ ልጅ ማኪናው ውስጥ ገባች። እጇ ወደ መስታወቱ ማዞሪያ ሲሄድ አይቼ ትንፋሼ ሊቆረጥ ነበር፤ ሆዴ ያዘልኝ። ግማሽ የነበረውን መስታወት እስከ ታች አወረደችው። ሾፌሩን ትከሻውን ነካ አድርጋ፣ እስክጨርስ አስቆመችው።

በማግስቱ አያ ሱቄ መጣ። ሳክስፎኑን አገላብጦ አየው።

«ቀለሙ ለቋል» አለ።

ባንኮኒውን መጥረግ ያዝኩ።

«አንተም አጭር ነህ፣ ሕዝብ መሃል አትታይም። ደግሞ ምነው መጨረሻውን ቶሎ ቋጨኸው?»

ልቤ ይዘል ጀመር፤ ፊቴን ግን እንደ ሻጭ አደረግሁት። አያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄን በጥር ልድር ነው።»

ጣቃ አንስቼ እኩል እኩል እየጠቀለልኩ፣ «እስቲ አስብበታለሁ፣ አያ» አልኩት።