ባንዳችን መጣ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ከሰዓት፣ እዚሁ አዳማ ነው። ከአእምሮዬ ያልጠፋው በአንዲት ቃል ምክንያት ከአዳራሽ ስለተባረርኩ ነው። ቃሏን የጻፍኳት ደግሞ ራሴው ነኝ።

ድራም መቺ ነኝ። አራት ሆነን ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ከመቂ እስከ ሻሸመኔ ያልተጫወትንበት ሠርግ የለም፤ ያጋባናቸው ሰዎች ቢሰበሰቡ አንድ ወረዳ ይሞላሉ። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን «ባንድ» ብሎ የጠራን የለም። «ሙዚቃው መጣ? ሙዚቃው ምሳ በልቷል?» ነበር የምንባለው። የምንጫወተውም የሰው ዘፈን ነበር።

አምና ስቱዲዮ ገብተን የራሳችንን ዘጠኝ የፖፕ ሮክ ዘፈኖች ቀረጽን። «በዚህ ቦርጭ ሮክ?» ያላለን የለም። እኔ ድራም ስመታ መልካሳ ድረስ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል ብዬ አፋቸውን አስያዝኩ።

ለአልበሙ ምረቃ የሠርግ አዳራሽ ተከራየን። ሦስት ባጃጅ የሚያለብስ ባነር አሠርቼ በሩ ላይ ሰቀልኩ፦ «ባንዳችን የመጀመሪያ አልበሙን ይዞ መጣ!»

እንግዳ ሊገባ ሁለት ሰዓት ሲቀረው የአዳራሹ ባለቤት ጋሽ ለማ ከዘራቸውን ይዘው ደረሱ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ባንዳችን ነው ጋሼ።»

«የእናንተ?»

«የእኛው! አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ነን።»

«ትንሽ አታፍርም?»

«ለምን አፍራለሁ? ኮርቼበት እኮ ነው የሰቀልኩት!»

ከዘራው ብድግ ሲል ገባኝ። እኔ ባንድ ብዬ የጻፍኩትን እሳቸው ባንዳ ብለው አንብበውታል፤ በጣሊያን ጊዜ ለጠላት ያደረውን። ዘፋኛችን ቶሎሳ ሮጦ መጥቶ አስረዳቸው። ገባቸው። ግን ከቁጣቸው አልተመለሱም።

«አባቴን ያስያዘው ባንዳ ነው» አሉ። «አውርዱና ‹ቡድናችን› ብላችሁ ጻፉ። አለዚያ ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

«አውርደው በቃ፤ ሰው መድረሱ ነው» አለኝ ቶሎሳ።

ቡድን የኳስ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ባንድ ልባል፣ እሱንም ላውርድ?

«ጋሼ፣ የአባትዎ ነገር እኔንም ያመኛል» አልኳቸው። «ግን ባንዳዎቹ ያኔ አገሩን ሊያስወስዱ ነበር፤ ዛሬ ቃሉንም እንስጣቸው?»

መሣሪያዎቻችንን አስወጥተው በሩን ቆለፉ።

ባነሩን ፈትተን አስፋልት ዳር በቆመ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ላይ አሰርነው። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ገመድ ዘርግቶ መብራት ሰጠን። ሦስተኛው ዘፈን ላይ መንገዱ ተዘጋ። አንድ የባጃጅ ሹፌር «ባንዳዎች በርቱ!» ብሎ ሲጮህ አዳማ በሙሉ ሳቀ፤ ቢያንስ ግማሹ።

አምስተኛው ላይ የአዳራሹ በር ተከፈተ። ጋሽ ለማ ተሸነፉ ብዬ ዱላዬን ወደ ላይ ወረወርኩ። እሳቸው ግን ወንበሮቹን አስወጥተው አስፋልት ዳር አስደረደሩ። «ሰው ቆሞ አይሰማም» አሉና በሩን መልሰው ቆለፉ። ከዚያ አንዱ ላይ ተቀመጡ፤ ለባነሩ ጀርባቸውን፣ ለእኛ ጆሯቸውን ሰጥተው፣ እስከ መጨረሻው።

ዛሬም ስለዚያ ቀን አልጸጸትም። ሁለተኛውን አልበም እየቀረጽን ነው፤ ባነሩም ያው «ባንዳችን» ነው የሚለው፣ ፊደሉን ብቻ አሳድገዋለሁ። ጋሽ ለማ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ከሰላምታ በፊት «አላወረድከውም?» ይሉኛል።

«አላወረድኩትም ጋሼ» እላቸዋለሁ፣ ኮፍያዬን አውልቄ።