የሸልቢያ እጅ ያገኘው

በማህዲያ ከተማ አሮጌው ሰፈር ያደገች ሴት ሁሉ ጀርባዋን ለሸልቢያ ሰጥታ ታውቃለች። ሸልቢያ የሐማሙ፣ የሕዝብ መታጠቢያ ቤቱ፣ ገላ አሺ ናት። ሻካራውን ጓንት ታጠልቅና እንፋሎቱ ውስጥ ሙሽራዋንም አራሷንም አሮጊቷንም ሳታበላልጥ ትፈትጋለች። ምላሷም ከጓንቷ አይለሰልስም። «ይኼን ሁሉ እድፍ ተሸክመሽ ነው ባልሽ የሚያቅፍሽ? ምስኪን ሰውዬ!» ስትል ሐማሙ በሳቅ ይናጋል። የተሰደበችውም አብራ ትስቃለች፤ ሸልቢያ ያልሰደበቻት ሴት የተጠላች ይመስላታል።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ገላ ሲያሽ የኖረ እጅ ሳይፈልግም ብዙ ነገር ያውቃል። አንዳንዴ ሸልቢያ ጡት ስታሽ ከጣቷ ሥር ጠጠር የሚመስል፣ ቢገፉት የማይሸሽ ነገር ታገኛለች። ይህን ግን ለባለገላዋ አትነግራትም። የሐማሙ ደንብ ነው። ክፉ ወሬ ለእናት፣ ለእህት ወይም ለአማት ይነገራል እንጂ ለራሷ ለሴትዮዋ አይነገርም። ማን ይህን ደንብ እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፤ ያፈረሰውም የለም። ሸልቢያ ቀልዷን ሳታቋርጥ ፈትጋ ትጨርስና በኋላ ልብስ መልበሻው ጋ አማቲቱን ጎተት አድርጋ «ልጅቷን ሐኪም አሳዩአት» ትላለች። ከዚያ ወዲያ የቤተሰቡ ጉዳይ ነው። አንዳንዷ ድና ተመልሳ መጣች። አንዳንዷ ደግሞ ቀረች፤ ሸልቢያም የት ገባች ብላ አልጠየቀችም።

አንድ ቀን ሴቶቹ ከወጡ በኋላ የራሷን ገላ ስትታጠብ እጇ ግራ ጡቷ ላይ ቀጥ አለ። እንደ ደንቡ ለእህት እንዳትነግር እህት የላትም። ባሏን ባሕር ከወሰደው ቆይቷል። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ ነውፈል፣ ከከተማ ከተማ ሰው የሚያመላልስ የታክሲ ነጂ። ማታ ቤት ፊቷን ወደ ድስቱ አዙራ «ጡቴ ላይ እብጠት ነገር አለ፤ ሐኪም ቤት ውሰደኝ» አለችው።

ወሰዳት። እብጠቱ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ነውፈልም አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ «ስብ ነው አሉ እማዬ፤ ወጣ፣ አለቀ» አላት። ሸልቢያም «አልሐምዱሊላህ» አለች። በሽታው ምን እንደሆነ ግን ከሐኪሞቹ ሁሉ ቀድማ እጇ ነግሯት ነበር። ታዲያ ለምን ዝም አለች? ልጇን ያንን ስም አፉን ከፍቶ እንዲጠራ ማስገደድ ነውር መሰላት። እሱ እንዳትፈራ ይደብቃል፤ እሷ እንዳያፍር ትደብቃለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በሽታውን ለደበቁበትስ ምን እንደሚባል እንጃ።

ከዕጢው የተወሰደው ናሙና ለዘረመል ምርመራ ባሕር ተሻግሮ ተላከ። ውጤቱ በመጣ ጊዜ ሸልቢያ ከሐኪሟ ክፍል ደጃፍ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሱፍ እየፈለፈለች ቀረች። ነውፈል ብቻውን ገባ።

«እናትህስ?» አለችው የካንሰር ሐኪሟ፣ ዶክተር ኢንሳፍ።

«ውጪ ናት። ለኔ ይንገሩኝ።»

ዶክተሯ የምርመራውን ወረቀት ገለጠች። «እንግዲህ ስማኝ። ዕጢው በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ጨዋ ይመስላል። ትንሽ ነው፤ ወደ ብብቷም አልተሻገረም። ለዚህ የሆርሞን ክኒን ብቻ ይበቃታል ብለን ነበር። ግን ሴሉ ውስጥ ትእዛዝ የሚሰጡ ዘረመሎች አሉ። አንዳንዱ ዝም ብሏል፣ አንዳንዱ ይጮኻል። ምርመራው የሚያዳምጠው የትኛው እንደሚጮኽ ነው። እናትህ ዕጢ ውስጥ የሚጮኹት ‹ተባዙ› የሚሉት ናቸው። እንዲህ ያለው ተመልሶ ይመጣል።»

«ይመጣል? እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጡን አላህ ያውቃል። እኔ የማውቀው እንደሷ ያሉ ሴቶች ክኒን ብቻ ሲወስዱ ብዙዎቹ ላይ እንደሚመለስ ነው። ኬሞቴራፒ ከተጨመረበት ግን ብዙዎቹ ይተርፋሉ። ኬሞው አሁን ነው መጀመር ያለበት።»

«ፀጉሯስ?»

«ይረግፋል። ከዚያ ይበቅላል።»

«ፀጉሯ ከረገፈ እኮ ታውቃለች።»

«ትወቃ! ገላው የሷ አይደል እንዴ?»

«እናቴን አያውቋትም ዶክተር። ይኼን ከሰማች በሽታው ሳይደርስባት ድንጋጤው ይገድላታል።»

ዶክተሯ ተነሥታ በሩን መክፈት ትችል ነበር። ሸልቢያ እዚያው ናት፤ ሱፍ ስትፈለፍል እንኳ ይሰማል። አልከፈተችም። «አስብበትና ይዘሃት ና» አለችውና ሌላ በሽተኛ ጠራች። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ያ ሁሉ ምርመራ ባሕር ተሻግሮ ሄደ፤ በዓይን የማይታየውን አዳምጦ፣ የሚመጣውን ክፉ ቀን ይዞ ተመለሰ፤ የቀረውን አንድ በር መሻገር ግን አቃተው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ነውፈል ሲወጣ ሸልቢያ ገለባውን ከቀሚሷ ላይ አራገፈች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጠይቃው የማታውቀውን ጠየቀችው።

«ያ ባሕር ማዶ የሄደው ምን አለ?»

«ጥሩ ነው እማዬ። ጨዋ ነው አሉ። ክኒን ብቻ ይበቃሻል።»

አመነችው። ልጇ በበሽታው ስም ላይ እንደሚዋሻት ታውቅ ነበር፤ ይቅር ብላውማ ቆይታለች። በዕድሜዋ ላይ ይዋሻል ብላ ግን አላሰበችም። የዚያን ቀን ማታ ኩስኩሱን በዓሣ ሠርታ፣ ቃሪያውን አብዝታ፣ ጎረቤት ጠርታ አበላች። ተረፍኩ ብላ ነው። ነውፈልም አብሮ በላ። እንዴት እንደወረደለት እሱ ይወቅ።

ክኒኗን ሳታጓድል እየዋጠች ወደ ሐማሟ ተመለሰች። ዓመታት ደግ ሆኑላት። ከዚያ ወገቧን ያማት ጀመር። «ጎንበስ ቀና ሲሉ የኖሩበት ነው» አለች። ጎንበስ ማለት ሲያቅታት ነውፈል ሐኪም ቤት አደረሳትና መኪናውን የሚያቆምበት ፍለጋ ሄደ። እዚያ ያለው ሐኪም አዲስና ወጣት ነው፤ የአገሩን ደንብ ገና አልተማረም መሰለኝ፣ የአጥንቷን ፎቶና የድሮ መዝገቧን አይቶ በቀጥታ ለራሷ ተናገረ።

«አጥንት ውስጥ ገብቷል እናቴ። ያኔ ኬሞውን እምቢ ያልሽው ፈርተሽ ነው?»

«የቱን ኬሞ?» አለች ሸልቢያ።

ወጣቱ ደነገጠ፤ ነገሩን ግን አልሸሸገም፤ የዘረመሉ ምርመራ ያኔ ያለውን ነገራት። ሸልቢያ ሰምታ ጨረሰችና ሻርፗን አስተካክላ ወጣች። ነውፈል ደረጃው ላይ አገኛት።

«ምን አለሽ?»

«የወገብ ነገር ነው አለኝ። ዕድሜ ነው።»

«አላህ ይመስገን!» አለ ነውፈል፤ ፊቱ ወለል አለ። እሷም የመዋሸትን ቅለት ያን ጊዜ አየችው።

ከሳምንት በኋላ፣ ሙሽሮች በሚበዙበት በሐሙስ ቀን፣ ሸልቢያ ማስታገሻ ውጣ ሐማም ገባች። አስማሃን የምትባል ገና በሠርጓ ማግሥት ያለች ልጅ ከአማቷ ከላላ ሰይዳ ጋር መጥታለች። ሸልቢያ እየፈተገቻት ነበር፤ «ባልሽ አያጎርስሽም እንዴ? አጥንትሽ ጓንቴን ቀደደው!» እያለች ታስቃታለች። ከዚያ እጇ ቆመ።

ቀልዷን አልቀጠለችም። ጓንቱን አወለቀችና የልጅቷን እጅ ይዛ ቦታው ላይ አሳረፈችው።

«እዚህ ጋ ጫን አድርገሽ ዳስሺ።»

«ምንድን ነው ኻልቲ፣ አክስቴ?»

«ምን እንደሆነ ሐኪም ያውቃል። ምንም ላይሆንም ይችላል። ግን ሐኪሙ ሲናገር አንቺ ግቢ፤ ሌላው ሰው ውጪ ይጠብቅ። ክፉም ቢሆን በገዛ ጆሮሽ ስሚው።»

ላላ ሰይዳ ባልዲዋን ወርውራ ተነሣች። «ምላስሽ ይቆረጥ! ለአዲስ ሙሽራ እንዲህ ይባላል? እኔ አማቷ ሞቻለሁ? ለኔ አትነግሪኝም ነበር?»

ልጅቷ ጡቷን በሁለት እጇ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። «ማን ጠየቀሽ!» አለች ሸልቢያን። «ማን ጠየቀሽ!»

በዚያ ሐማም ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሸልቢያ የተናገረችው አላሳቀም። ሴቶቹ ፎጣቸውን ሰብስበው ራቅ ራቅ አሉ። የሐማሙ ባለቤት መጥታ ለስለስ ባለ ድምፅ «ሸልቢያ፣ አሞሻል። እስክጠራሽ ድረስ ቤትሽ ዕረፊ» አለቻት። እንደማትጠራት ሁለቱም ያውቃሉ።

ነውፈል ውጪ መኪናው ጋ ይጠብቃት ነበር። ላላ ሰይዳ ቀድማ ወጥታ፣ የሆነውን ሁሉ ነግራ፣ የልቧን አድርሳበታለች። የእናቱን ባልዲና ጓንት ተቀብሎ ከኋላ አስቀመጠ፤ እሷንም ደግፎ አስገባትና መሪውን ያዘ።

«እማዬ፣ ምን ነካሽ? ልጅቷን እንዲህ ታስደነግጫታለሽ? እንደ ወትሮሽ ለአማቷ ብትነግሪያት ምን ነበረበት?»

ሸልቢያ በመስታወቱ ወደ ውጪ ታያለች። አስማሃን ከአማቷ ኋላ አንገቷን ደፍታ ትሄዳለች፤ አንድ እጇ ከሻርፗ ሥር ነው።

«ለአማቷ ብነግራትማ» አለች ሸልቢያ፣ «አማቷ ከሐኪሙ ክፍል ወጥታ ‹ጥሩ ነው፣ ጨዋ ነው አሉ፣ ክኒን ብቻ ይበቃሻል› ትላት ነበር።»

ነውፈል ቁልፉን ሳይጠመዝዘው እጁ እዚያው ቀረ።

«እማዬ…»

«ንዳ» አለችው። «ወገቤን አሞኛል።»