ሰርቨሩ ያላወቀኝ ሳምንት

ሃያ ሁለት አካባቢ፣ ከአንድ ካፌ ጀርባ፣ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ዕቃ የሚልክ ጠባብ ቢሮ አለ። ባለቤቱን ሁሉም ሰው ሐጂ ይላቸዋል። ዕቃ ሲመዘገብ ለተቀባዩ አጭር መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ልሠራላቸው ተስማምተን ነበር። ሙያውን ለብቻዬ ከኢንተርኔት ነው የተማርኩት፤ ማንም ሳያገናኘኝ ራሴ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራም ይኸው ነበር።

መልእክቱን የሚያደርሰው የሌላ ድርጅት ሰርቨር ነው። የእኔ ፕሮግራም እያንዳንዱን ጥያቄ በሚስጥር ቁልፍ ፈርሞ ይልካል፤ ሰርቨሩ ፊርማውን ካመነው ይቀበላል። አያት ሰፈር ባለው ኮንዶሚኒየም ክፍሌ ውስጥ በላፕቶፔ ስሞክረው ይሠራል። በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ግን የሚመልስልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ማንነትህ አልተረጋገጠም።

ቁልፉን እንደገና ገለበጥኩት። መጨረሻው ላይ ባዶ ቦታ ተለጥፎ እንዳይሆን ፊደል በፊደል አየሁት። አዲስ ቁልፍ አወጣሁ። የቢሮውን ኢንተርኔት ትቼ በስልኬ ዳታ ሞከርኩ። ያው ነው። ባቡር ላይ ቆሜ ኮዱን ሳነብ መውረጃዬን አልፌ ተመለስኩ። ምሳ ቀርቦልኝ ጣቶቼ ጠረጴዛውን ይደበድባሉ።

ሐሙስ ዕለት ሐጂ አጠገቤ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ነገ ከጁምዓ በፊት ካልሠራ ለወንድሜ ልጅ እሰጠዋለሁ። እሱም ኮምፒውተር ተምሯል። አትቀየመኝ።»

«እሺ ሐጂ» አልኩ።

አርብ ጠዋት ስገባ ደረሰኝ የምትቆርጠው ልጅ ገና ከበሩ ጀመረችኝ። «ኢንጂነሬ፣ ዛሬም አላወቀህም?»

«አላወቀኝም።»

«አብሽር፣ መታወቂያህን አሳየው።»

መመሪያውን ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩ። ሁልጊዜ የማልፈው አንድ መስመር አለ፦ ከፊርማው ጋር የሚላከው ሰዓት ከሰርቨሩ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ በላይ ከራቀ ጥያቄው ይጣላል። ወደ ስክሪኑ ጥግ ተመለከትኩ። 3:10 ይላል። ትክክል ነው ብዬ ላልፍ ስል እጄ ቆመ። ስልኬን አወጣሁ፤ 9:10። ሳምንቱን ሙሉ ያንን ጥግ እያየሁ በእኛ አቆጣጠር አንብቤ አልፌዋለሁ።

«ይህን ሰዓት ማን ነካው?»

«እኔ። ምነው?» አለች። «አንዱ ደንበኛ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ዕቃ ሰጠን፤ ደረሰኙ አሥር ብሎ ወጣ። ዕቃው ሲዘገይበት ‹የዘጠኝ ሰዓቱ መኪና ከሄደ በኋላ ነው የመዘገባችሁልኝ› ብሎ ሊደበድበኝ ነበር። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩት፣ ጠቡ ቀረ።»

ሰዓቱን አስተካክዬ መልእክቱን ላክሁ። የሐጂ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ሐጂ አነበቡት፤ ቀጥሎ የወጣውን ደረሰኝ ግን አንስተው ወደ እኔ ገፉት። ዘጠኝ ሰዓት ይላል።

«ይሄማ ጠብ ነው። እንደነበረው መልሰው።»

«ከመለስኩት መልእክቱ ይቆማል ሐጂ።»

«ሰው ሲጮህብን መልእክቱ ምን ያደርግልናል?»

ትክክል ነበሩ። እስከ ሶላት እንዲታገሡኝ ለምኜ ደረሰኙን ወደሚያወጣው የቢሮው ፕሮግራም ኮድ ገባሁ። የኮምፒውተሩ ሰዓት ሳይነካ፣ ወረቀቱ ላይ ብቻ ስድስት ተቀንሶ፣ ከሰዓቱ ፊት «ጠዋት»፣ «ከቀኑ» ወይም «ማታ» እንዲጻፍ ማድረግ ነበረብኝ። ከኋላዬ ሰዎች ካርቶን እየጎተቱ ይገባሉ፤ ልጅቷ በእጅ እየጻፈች ታስተናግዳቸዋለች። ሁለት ጊዜ አበላሽቼ ሁለት ጊዜ ሰረዝኩ። ሐጂ ውዱእ አድርገው እጃቸው እንደረጠበ መጥተው ቆሙ። አላዩኝም፤ ማተሚያውን ነበር የሚያዩት።

ብርድ ልብስ ወደ ኮምቦልቻ የምትልክ ሴት ተራዋ ደረሰ። ደረሰኟ ወጣ፦ ከቀኑ 6:05። ሴትዮዋ አንድ ጊዜ አየችውና አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ወዲያው የእኅቷ ልጅ ከኮምቦልቻ ደወለላት፤ መልእክቱ ደርሶታል።

ሐጂ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። «ለወንድሜ ልጅ እንዳይመጣ እነግረዋለሁ» ብለው ኮፍያቸውን አስተካክለው ወጡ።

እኔ ኮምፒውተሩ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ፣ ሁለት ብሎ ከሚቆጥራቸው ሰዓቶች ስድስት ሲቀነስ ምን እንደሚወጣ ገና አላየሁም ነበር። ቢሮው ሌሊት እንደማይከፈት አውቃለሁ። ቢሆንም ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ ሳብኩት።