ንፋሱ ከኋላ ነው

ባሕር አይቼ አላውቅም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እኔንም የሚያብከነክነኝ ባሕሩ ሳይሆን ስለ ባሕሩ ትንፍሽ የማይለው አባቴ ነበር። በወጣትነቱ ምጽዋ ውስጥ መርከበኛ ሆኖ ሠርቷል። ዘመኑ ሲለወጥ በባለ ሸራ ጀልባ ወደ የመን መሻገሩን፣ መንገድ ላይ ማዕበል እንዳገኛቸው እናውቃለን። ይህችንም የነገረችን እናቴ ነች። እሱን ስንጠይቀው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። እናቴ ካረፈች በኋላማ የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

ባለፈው ዓመት ሐኪሙ የአባቴ ዓይን በግላኮማ እየተጎዳ መሆኑን፣ የጠፋው ብርሃንም እንደማይመለስ ነገረን። ያን ቀን ቸኮልኩ። ዓይኑ ሳለ አንድ ነገር ላሳየው፣ ሲያየው ይናገር ይሆናል አልኩ። ማሳየት የምችለው ደግሞ ሥዕል ብቻ ነው።

እንጀራዬ ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሳሽና ተከሳሽ ስል እውላለሁ፤ ባለጉዳይ ሲጠፋ ከሜክሲኮ አደባባይ በገዛሁት አሮጌ ታብሌት ላይ እሥላለሁ። ማዕበል ላይ ያለች ባለ ሸራ መርከብ ጀመርኩ፤ ሦስት ሳምንት ፈጀችብኝ። ማዕበሉን ከኢንተርኔት ፎቶዎች ቃረምኩ። ሸራውን ግን የተማርኩት ከደጄ ነው። የሐምሌ ንፋስ አጠገቤ የሚሸጠውን የካልሲ ነጋዴ ሸራ ሲወጥረው፣ ሰውዬውም ጫፉን ይዞ ሲንገታገት አየሁና እሱኑ ቀዳሁት። በመጨረሻ ምሰሶው ጫፍ ላይ ባንዲራ ሰቀልኩ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ተኮፈስኩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ታብሌቱን ሰጠሁት። ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ ብዙ ቆየ።

«ንፋሱ ከየት ነው?» አለ።

«ከኋላ ነዋ፣ አባዬ። ሸራው ወደ ፊት ተወጥሮ የለ?»

«ታዲያ ባንዲራው ለምን ወደ ኋላ ይውለበለባል?»

ለካ የሣልኩት እንደ ሰርግ መኪና ጥብጣብ ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ ባንዲራ የሚያውቀው መኪና ላይ ነው።

«መኪና ንፋሱን ሰንጥቆ ነው የሚሄደው» አለኝ። «ባለ ሸራውን ግን የሚገፋው ንፋሱ ነው። ባንዲራው ወደ ፊት ነው የሚውለበለበው። የኛዋ እንኳ ትንሽ ጀልባ ነበረች፤ ቢሆንም ሸራ ያው ሸራ ነው።»

ስለ ባሕር ሲነግረኝ የመጀመሪያው ነበር። ስህተቴን ወደድኩት። ባንዲራውን እዚያው አጥፍቼ ወደ ፊት እንዲውለበለብ ሣልኩት።

ፍጥነቴን አይቶ «ማዕበሉም እንዲህ ይጠፋል?» አለኝ።

በታብሌት ሲሣል እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ተሠርቶ ይደራረባል፤ አንዱን ደብቆ ሌላውን ማስቀረት ይቻላል። ነካ አደረግኩትና ማዕበሉ ጠፋ። መርከቧ ነጭ ባዶ ላይ ቀረች።

አባቴ አየና «መልሺው» አለ። መለስኩት።

«ያ ማዕበል ባይኖር አብረን እንደርስ ነበር።»

«ከማን ጋር?»

«ከጓደኛዬ። አራት ዓመት አንድ ክፍል ነው የኖርነው። ሸራውን ላውርድ ብሎ ሲነሣ ማዕበሉ ወሰደው። እኔ መሪውን ይዤ ነበር። ብለቀው ሁላችንም እንገለበጣለን። አልለቀቅኩም።»

ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆድ ይፍጀው ብሎ የያዘው ይህን ነበር። አዘንኩለት፤ ያን ሁሉ ዘመን ብቻውን በመሸከሙም ተናደድኩበት።

«ሣይው» አለኝ። «እዚህ፣ ምሰሶው ሥር ቆሞ።»

ቁመቱን ጠየቅኩት። ከእሱ ይረዝም ነበር። ሸሚዙ ነጭ፣ እጅጌው እስከ ክርኑ የተጠቀለለ። ሁለት እጁ ገመዱ ላይ። ሁሉንም ሳይቸገር ነገረኝ።

«ፊቱስ?»

እጆቹን አፋተገ።

«ፊቱን አትጠይቂኝ» አለ። «ከጠፋብኝ ቆየ። ስለሱ ካወራሁ፣ ሰው ‹ምን ይመስል ነበር?› ይለኛል ብዬ ነው ዝም የምለው።»

እጁን ያዝኩት። ከዚያ ሰውየውን ፊቱን ወደ ሸራው አዙሮ እንደቆመ፣ ከጀርባው ሣልኩት።